አጥር የሌላት ቃል

ከሙዋር ወንዝ ዳር፣ ውሃው ሻይ መስሎ፣
ቤቱ እንደ ተሻጋሪ ሱሪውን ሰቅሎ፣
የማክ ሰናህ ዶሮ ከሰው ጓሮ ገብታ፣
የጎረቤት ፍየል በደጇ ተኝታ፣
ኮኮናት ሲወድቅ፣ በሌሊት፣ ዱብ ብሎ፣
ቀድሞ የነቃ ሰው ይሄዳል አንጠልጥሎ።

ይኸ ነው ካምፖንግ።
መሰብሰብ ማለት ነው፣ ሲቆፍሩ ሥሩን፤
መንደር ማለትም ነው፣ ሲቀምሱ ፍሬውን።
አጥር? አጥር የለም።
ወንዙ በአንድ ጎን፣ ጫካው በአንድ ጎን፣
መካከሉ ሰው ነው።

ቃሊቱ ልጅ ነበረች።
ድሮ፣ መርከብ በነፋስ በሚሄድበት ዘመን፣
አንድ ጸሐፊ መጣ ቅርንፉድ ሊመዝን፤
ላቡ ከቀለሙ ቀድሞ ወረቀቱን አራሰ፤
ስሟን ጠየቀና በጆሮው ቀለሰ።
በየት ወደብ ነበር? ቀድሞስ የማን አፍ?
አንዱ ፖርቱጋል ይላል፣ አንዱ ሆላንድ፤
እርግጡን የያዘ መዝገብ የለም።
ጆሮ ልማዱ ነው፤ እንግዳ ሲመጣው
ከድሮ ወንበሩ ስቦ አስቀመጠው፤
ጠበበው ወይ ሰፋው፣ መች ጠየቀና!
«ኮምፓውንድ» ብሎ ጻፋት።
መጋዘኑን አጥሮ፣ ግንድ ከግንድ ሰክቶ፣
ልጅቱን ላጥር ዳራት፣
ሽማግሌ ሳይልክ፣ ጥሎሽ ሳያመጣ።

ከመርከብ መርከብ ዞረች።
በህንድ የሹም ቅጥር ሆነች፤
በደቡብ አፍሪካ፣ ከወርቅ ጉድጓድ አፍ፣
የሠራተኛ በረት ሆነች፣
ማታ ከውጭ የምትቆለፍ፣ ጧት በደወል የምትከፈት።
መሰብሰብ አልረሳችም። ሰው ትሰበስባለች፤
ቁልፉ ብቻ ከሌላ ሰው ኪስ ነው።

በቀደም ለት ተመለሰች፤
በሲሚንቶ ግንብ ላይ በወርቅ ቀለም ተጽፋ፣
ወደ ወንዝ የሚወርደውን የእግር መንገድ አቅፋ።

ማክ ሰናህ ዘንቢል ይዛለች፤ የፓንዳን ኬክ፣ አረንጓዴ፣ ትኩስ፤
ስልሳ ዓመት ሄዳበታለች ወደ ጀልባው ስትገሰግስ።
ዘበኛው ሎኬንድራ፣ የኔፓል ልጅ፣ ካገሩ ከወጣ ሁለት ዓመት፣
እጁን ዘረጋ፦ «እማማ፣ ይቅርታ፤ ኮምፓውንድ ነው፤ አይታለፍበት።»
«ምንድን ነው እሱ?»
የልጅ ልጇ ዙላይካ፣ መዝገበ ቃላት አገላባጯ፣ ከኋላ፦
«የኛዋ ካምፖንግ ናት እኮ፣ ኔኔክ፤ ብትመስልም ሌላ።»
አሮጊቷ ፊደሉን አየች፣ አተኩራ፣
በብረት ልብስ ውስጥ ልጇን እንደምትፈልግ።
አላወቀቻትም።

በሳምንቱ ዙላይካ ሞተሯን ከግንቡ ጥግ ብታቆም
ወረቀት ተለጠፈባት፦ «ኮምፓውን»፣ ሃምሳ ሪንጊት።
መቀጮ ማለት ነው።
አሮጊቷ ሳቀች፣ ጥርስ በሌለው ሳቅ፦
«በገዛ መንደሬ ስም ተቀጣሁ! ይህ ነው ሐቅ?»
የማዘጋጃ ቤቱ ፋውዛን፣ መነጽሩን ጠርጎ፣
«ይቺ ሌላ ናት» አላት፣ «አባቷ ላቲን ነው»፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
«ይሁና፣ የሰው ልጅ ትሁን፤ መልኳ ግን የልጄ ነው።»
ሃምሳውንም ከፈለች፣
የኬክ ሳንቲሟን ጠረጴዛው ላይ እየደረደረች፣
ፋውዛን ሁለት ጊዜ እስኪሳሳት።

ከዚያ ዝናብ መጣ፣ ከባሕር በኩል፣ ጎን ለጎን የሚሮጥ።
ሎኬንድራ ተራውን ጨርሶ በጭቃው ሲዳክር
ማክ ሰናህ ከደረጃዋ ላይ በእጇ ጠራችው።
ጫማውን ከታች አውልቆ ወጣ።
በላ።
የእናቱን መንደር ስም ነገራት፤
ደገመችው፣ አጣምማ።
ጆሮ ልማዱ ነው።

እኔ በምጽፍበት ቋንቋ
ባጥር የተከበበው ስሙ «ግቢ» ነው፤
ደጅ የቆመችን ሴትም የምንላት «ግቢ» ነው።
እንግዲህ አንቺ ቃል፣ ባሕር ያንከራተተሽ፣
ከግንቡ ላይ ውረጂ፤ ያ ቀለም አላማረብሽ።
ዶሮዋ ጥላለች፣ ኮኮናቱም ወድቋል፣
እናትሽ ደረጃው ላይ ናት።
ግቢ።